ልጄ ያወለቀችው ጃኬት

ጀልባ የገዛሁት ለጉራ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ «ለልጄ ብዬ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳን ከስልኳ ትላቀቅ ብዬ ነው» እል ነበር፤ ባለቤቴም አምናኛለች። እውነቱ ሌላ ነው። እኔ ከኦክላንድ ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ። የባለቤቴ ወላጆች ሳን ሆዜ ይኖራሉ፤ የእህቶቿ ባሎች አንዱ ኢንጂነር ነው፣ ሌላውም ኢንጂነር ነው። ማንም በሥራዬ ንቆኝ አያውቅም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ግን በየበዓሉ እዚያ ሳሎን ውስጥ ስቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁረኝ ነበር። እናም እነሱ የሌላቸው፣ እኔ ብቻ ያለኝ አንድ ነገር ፈለግሁ።

ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር፣ ከእኛ አፓርትመንት ሥር ባለው ቤት፣ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ሲጠግኑና ሲነዱ ኖረዋል፤ አማርኛቸውን የሰማ ሰው አራት ኪሎ ያደጉ ነው የሚመስለው። ጎረቤት ከተማ አላሜዳ አንድ ግቢ ውስጥ ያገለገሉ ጀልባዎች ለሽያጭ እንደቆሙ ስሰማ ለምኜ ይዣቸው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ገና ቀበቶ ሳያስሩ የጠየቁኝ የምሄድበት ሐይቅ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ነው። እኔ እንጃ። በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ተነድቶ የሚደረስበት ሐይቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ዓሣ ለማጥመድ ወስዶኝ አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ውብ ነው፣ በቃ። እዚያው ሐይቅ ዳር ላለ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ አስደወሉኝ። ሰውየው ውሃው የእዚያ በጋ በሚያልቅበት በመስከረም በጣም እንደሚሸሽ፣ ከዳር ብዙ ርቀው ቢሄዱም ከወገብ የማያልፍበት ቦታ እንዳለ፣ ከሥሩም ጭቃና የዛፍ ጉቶ መሆኑን ነገረኝ። ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግቢው ስንደርስ የሚያብረቀርቁትን ሁሉ አልፈው አንዲት ግራጫ የአሉሚኒየም ጀልባ ጋ ቆሙ። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ሞተሯም ትንሽ። ቁጢጥ ብለው በጣታቸው አንኳኩዋት። ይቺ ትንሽ ውሃ ይበቃታል አሉኝ፤ መሬት ብትነካ እንኳን ትንሸራተታለች፣ ቀላል ስለሆነች ሁለት ሰው ወርዶ ይገፋታል። እኔ ግን ዓይኔ ከወዲያ ከቆመችው ነጭ ጀልባ ላይ ነው። ቀይ መስመር አላት፣ የቆዳ ወንበር አላት፣ ሞተሯ የእኔን ቁመት ያህላል። ጋሼ ዞሯትና ከሥር አዩዋት። ሆዷ እንደ ቢላ የሾለ ነው፤ ማዕበል እንድትቀድ ተብላ ነው የተሠራችው፣ ስለዚህ ብዙ ውሃ ውስጥ ትሰምጣለች፣ ኋላዋም በሞተሩ ክብደት ይወርዳል አሉ።

«ይቺ የባሕር ናት» አሉኝ። «ያንተ ሐይቅ እኮ ሳህን ነው።»

ግራጫዋን ደግሜ አየኋት። የከብት ገንዳ መሰለችኝ። የባለቤቴ አባት ከዚያ ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብለው ታዩኝ። ነጯን ገዛሁ።

ጋሼ አልተቀየሙም፣ ወይም ቢቀየሙም አላሳዩኝም። ከተገዛችማ አጠቃቀሟን እንማር ብለው ሁለት እሑድ ከሰዓት አለማመዱኝ። ውሃው ሲሳሳ ሞተሩ በቁልፍ ወደ ላይ ይነሳል። ጭነት ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይከመርም። ጀልባ በፍጥነት ስትሄድ ከውሃው ከፍ ትላለች፣ ፍጥነት ስትቀንስ ኋላዋ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ወደ ሳሳ ውሃ ስትጠጋ ገና ጥልቁ ላይ እያለህ ቀንስ፣ ቀስ ብለህ ግባ። አንዲት ቀይ ገመድ አለች፤ አንዱ ጫፏ ሞተሩ ማጥፊያ ላይ ይሰካል፣ ሌላው የነጂው እጅ ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ወይም ከተወረወረ ገመዷ ትመዘዝና ሞተሩ ይጠፋል። የውሻ ማሰሪያ ትመስላለች ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እኔም ስነዳ መሪው ላይ አንጠለጥላት ጀመር።

የጀልባ መንጃ ካርድ ደግሞ ያስፈልጋል። ትምህርቱም ፈተናውም ኦንላይን ነው፣ ስለዚህ የወሰደችልኝ ልጄ ናት። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በእኛ ቤት ፎርም የሚባል ነገር ሁሉ የእሷ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ኢንሹራንሱን፣ የቤት ኪራይ ማመልከቻውን፣ የሐኪም ቤቱን ወረቀት ስትሞላ ያደገች ልጅ ናት። በእኛ ሰፈር ይህን ነውር የሚል ሰው የለም፣ እንዲያውም በልጆቻችን እንኩራራበታለን። ሁለት ማታ ተቀምጣ ጨረሰችው። ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ሳለ «ዳድ፣ አለፍክ» ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ቤት ስገባ የተማረችውን ልትነግረኝ ጀመረች፤ ስለ ክብደት፣ ስለ ፕሮፔለር፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ስለሚደረገው። ጎበዝ አልኳትና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ካርዱ የእኔ ስም ይዞ ኪሴ ገባ፤ ዕውቀቱ እሷ ራስ ውስጥ ቀረ።

የመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። የባለቤቴን አባትና እናት ጋብዣለሁ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት። ጋሼ ጀልባዋን ውሃ ውስጥ በማስገባት ሊረዱኝ መጥተዋል። ሐይቁ ዳር ስንጠብቅ የአማቶቼ መኪና ቆመችና አራት ሰው ወረደ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋቸውን ባልና ሚስት ሳይነግሩኝ ይዘው መጥተዋል፤ ሚስቲቱ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። መሪው አጠገብ የተለጠፈው ምልክት አምስት ሰው ይላል። እኛ ሰባት ነን። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ያለን አራት ነው፤ የቀረውን ነገ እገዛለሁ እያልኩ ስንት ነገ አልፏል።

ጋሼ በዓይናቸው ቆጠሩን። ለብቻዬ ጠራ አድርገው በሁለት ዙር ውሰዳቸው አሉኝ። አማቶቼ ያመጡትን እንግዳ «እዚህ ቁሙ፣ ተራችሁን ጠብቁ» እንዴት እላለሁ? ያንን ቃል ለማውጣት አፌ አልተሠራም። ፊቴን አዩና «እንግዲያው እኔ ልቅር፤ መኪናውን እጠብቃለሁ» አሉ። በእኛ ባህል ሦስቴ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አንዴ ብቻ እምቢ አልኩ።

ያም ሆኖ ስድስት ነን። ልጄ ብርቱካናማ ጃኬቷን ለብሳ፣ ሦስቱንም ማሰሪያ ቆልፋ አጠገቤ ቆማለች። ዝቅ ባለ ድምፅ «ዳድ፣ ኢትስ ፋይቭ» አለችኝ። እንግዶቹ የምቀልድ እንዲመስላቸው ፈገግ ብዬ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ፣ ዝም በይ አልኳት።

ከዚያ ማስቀመጥ መጣ። የቆዳው ወንበር ያለው ከኋላ ነው፤ የክብር ቦታ እሱ ነው። ፊት ለፊት ያለው ባዶ ጣውላ ነው፣ ነፋስ አለው፣ ያነጥራል። ትልቅ ሰው እዚያ አይቀመጥም። ስለዚህ አራቱንም ከኋላ፣ ሞተሩ ላይ፣ ደረደርኳቸው፤ ልጄን ፊት ላይ አስቀመጥኳት። ጋሼ ከዳር ሆነው በሁለት እጃቸው ወደ ፊት፣ ወደ ፊት የሚል ምልክት አሳዩኝ። ያላየሁ መስዬ ገመዱን ፈታሁ። ከአራቱ ጃኬት የለበሰ የለም። ነጭ ልብስ ላይ እንዴት ተደርጎ? ሦስቱ እንደ ትራስ ተቀመጡበት፣ እኔም የባለቤቴን አባት ደረት ላይ ማሰሪያ የምቆልፍበት ድፍረት አልነበረኝም።

ትንሽ እንደሄድን የባለቤቴ እናት ወንበሩ ረጥቧል፣ ቀዘቀዘኝ አሉ። አራተኛው ጃኬት ልጄ ላይ ነው።

«አውልቀሽ ለአያትሽ ስጪ» አልኳት።

«ባት ዳድ» አለችና አየችኝ።

«ለአያትሽ ነው ያልኩሽ።»

ሦስቱን ማሰሪያ አንድ በአንድ ፈታች። ተነስታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ እንደዚያ አድርጋ እንድትሰጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አያቷ መረቋትና ተቀመጡበት።

የሚቀጥለው አሥር ደቂቃ በሕይወቴ ከተደሰትኩባቸው ጊዜያት አንዱ ነው፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ጀልባዋ ከፍ ብላ በረረች። የባለቤቴ አባት ባርኔጣቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ለካ ካፒቴን ነህ» አሉኝ። ልቤ አበጠ። ያ ሳሎን፣ ያ የሚቆረቁር ወንበር፣ ሁሉም ከኋላዬ ቀረ። ከዚያ ሸምበቆው አጠገብ ነጫጭ ወፎች አዩና ቪዲዮ ላንሳ፣ ወደዚያ ጠጋ በልማ አሉኝ።

ጠጋ አልኩ። በዚያው ፍጥነት። ሸምበቆው አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ የፍጥነቱን እጀታ ባንዴ ወደ ኋላ ሳብኩት። አራት ትልልቅ ሰዎችና ያ ሁሉ ሞተር ያለበት ኋላዋ ዝፍቅ አለ፤ ከሥራችን አንድ ነገር ጓ አለና ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ወደ ፊት ስደፋ ክንዴ እጀታውን መልሶ ገፋው፤ ሞተሩ እያጓራ ጭቃውን ያርሰው ጀመር። ቀና ስል ፊት ያለው ጣውላ ላይ ሰው የለም።

ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ውሃው ቡና የመሰለ ጭቃ ነው። የባለቤቴ እናት የልጄን ስም ይጠራሉ። ከዚያ በጎን በኩል ብቅ ብላ ቆመች፤ ውሃው ደረቷ ጋ ነው፣ ግራ ክንዷን በቀኟ ይዛዋለች። የጀልባዋ መሰላል ያለው ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። እኔ አባቷ፣ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ያለው ሰው፣ «ነይ፣ በዚህ ነይ፣ መሰላሉን ያዢ» እያልኩ ከሞተሩ ሥር ወደሚሽከረከረው ፕሮፔለር ጠራኋት።

አልመጣችም። ዓይኗን ከሞተሩ ሳትነቅል ወደ ኋላዋ እየተራመደች ከእኔ ራቀች።

«ዳድ። ተርን ኢት ኦፍ» አለች። አልጮኸችም።

እኔ አሁንም ነይ እላለሁ። ቀይዋ ገመድ መሪው ላይ ተንጠልጥላለች፤ ሳብ ቢያደርጓት ሁሉም ይቆም ነበር፣ እኔ ግን መኖሯንም ረስቻለሁ። ሁለተኛ ስትለኝ ነው ቁልፉን ያጠፋሁት። ጸጥ አለ። ልጄ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ሾው ሚ ዘ ኪ» አለችኝ።

ቁልፉን ነቅዬ ወደ ላይ አነሳሁላት። ቁልፉን በዓይኗ ካየች በኋላ ብቻ መጣች።

ጋሼ ከዳር አይተውን ኖሮ ደውለዋል፤ የሐይቁ ጥበቃ ጀልባ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። የዚያች ጀልባ ሆድ ጠፍጣፋ ነበር፤ እንደ ቅጠል ተንሳፍፋ አጠገባችን ቆመች። የሚነዳት ጥበቃ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። የልጄን ክንድ በጣውላ ቁራጭ ደግፎ አሰረላት፣ ከዚያ ቆጠረን፣ ጃኬቶቹንም ቆጠረ፣ የቅጣት ወረቀቱንም ጻፈልኝ። ለእሱ ግድ አልሰጠኝም። ቀጥሎ ግን ስትወድቅ ጃኬት ለብሳ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ልጁን አደጋ ላይ የጣለ ወላጅ ልጁን ይነጠቃል የሚል ወሬ አለ፤ የምተዳደረው በመኪና ነው፣ መንጃ ፈቃዴንም የሚቀሙኝ መሰለኝ። ይህን ሁሉ አሰብኩ።

ልጄ ቀደመችኝ። በእንግሊዝኛ፣ ለብሼው ነበር፣ ሞቀኝና ራሴ አወለቅሁት፣ አባቴ እንዳላወልቅ ነግሮኝ ነበር አለችው።

ሰውየው ጻፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ረጋ ባለ ድምፅ መከራት፤ ዛሬ ዕድለኛ ነሽ፣ ውሃው ጥልቅ ቢሆን ኖሮ በአንድ እጅ አትዋኚም ነበር፣ አባትሽ የሚልሽን ስሚ አላት። «የስ፣ ሰር» አለች። እኔ ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ቆሜ ሰማሁ። የባለቤቴ እናት ምን አለ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እንድትጠነቀቅ፣ አባቷንም እንድትሰማ እየመከራት ነው አልኳቸው። ይህ የእኔ ትርጉም ነው። እሳቸውም ዞረው አባትሽን ብትሰሚ ይህ ሁሉ ባልመጣ፣ ይኸው እንግዳ ፊት አዋረድሽን ብለው ተቆጧት። የቤተ ክርስቲያኑ ሰውዬም የዛሬ ልጆች ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንገቴን ደፍቼ ገመድ ስጠቀልል ነበር። የሚጠቀለል ገመድ አልነበረም።

ሐኪም ቤት እንግዳ መቀበያው ላይ ፎርም ሰጡን። ከልማድ የተነሳ ለእሷ አቀበልኳት። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ በቀኝ እጇ ሞላችው። አደጋው እንዴት ደረሰ የሚለው ቦታ ላይ ለሰውየው ያለችውኑ ጻፈች። ማታ ለእናቷም ያንኑ ነገረቻት። ባለቤቴ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተቆጣቻት፣ እኔ ደግሞ ሻይ አፈላሁ።

ከዚያ ነገሩ የቤተሰብ ቀልድ ሆነ። ሳን ሆዜ በሄድን ቁጥር የባለቤቴ አባት «ሙቀት የማትችለዋ መጣች» ይሏታል፤ ሰው ይስቃል፣ እሷም ፈገግ ትላለች። ያቺ ፈገግታ ከስብራቱ ይልቅ ታመኛለች። ጋሼ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙኝና ከዳር ስትነሱ ልጅቷ ጃኬቷን ለብሳ አይቻት ነበር አሉኝ። አወለቀችው አልኳቸው። አዩኝና «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አልቀነሰም፤ ስለ ጀልባ ግን አንድም ቃል አንስተውብኝ አያውቁም።

ጀልባዋን ሸጥኳት። ከሸጥኳት በኋላ ትምህርቱን እኔው ራሴ ቁጭ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ጀመርኩ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልገባውም። ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅሁ። የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች መለስ ብዬ ሳይ አብዛኞቹ ያን ማታ ቴሌቪዥን ስከፍት ልትነግረኝ የነበሩት ናቸው። በሁለተኛው አለፍኩ። እሷ ገና ግራ እጇን ቀጥ ማድረግ አትችልም ነበር።

በገና ዕለት ሳን ሆዜ ተሰበሰብን። የልጄ ክንድ ጄሶ ወልቋል፤ እነዚያ ባልና ሚስትም ነበሩ። ልጄ እንደ ወጉ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዛ ከታላላቆቹ ጀምራ ታስታጥባለች። የባለቤቴ አባት ጋ ስትደርስ ያቺኑ ቀልድ ደገሙላት፤ ጃኬትሽን የት ጣልሽው አሏት። ሳሎኑ ሳቀ። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ደፍሬ አይደለም፤ ዝም ብል ኖሮ እንጀራው አልወርድልህ ይለኝ ነበር።

«አላወለቀችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስወለቅኋት። እምቢ ስትል ተቆጥቼ ነው ያስወለቅኋት። የሚጫነውም አምስት ሰው ነው ብላኝ ነበር፣ ዝም አሰኘኋት። ለሐይቁ ጥበቃ የዋሸችው እኔን ለማዳን ነው፤ እኔም ዝም አልኩ።»

ባለቤቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔ ስድቡን ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ ነበር። የባለቤቴ እናት ግን ረጋ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እናውቃለን እኮ» አሉ። «የተቀመጥኩበት እኔ አይደለሁም እንዴ? ስትሰጠኝ የገላዋ ሙቀት ነበረበት። ታዲያ እንግዳ ፊት አንተን ላዋርድህ?»

የቤተ ክርስቲያኑ ሰውዬ አዎን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የባለቤቴ አባትም ሳህናቸውን አዩ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም ለእኔ ክብር ሲሉ፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው፣ ያንን ሁሉ ወር አንዲት ልጅ ላይ ሲስቁ ኖረዋል። ምስጢሬን ማንም አያውቅም ብዬ ስኖር እነሱ እየጠበቁልኝ ነበር፤ ማሰሪያው የተፈታው በሁሉም ዓይን ፊት ነበር።

ልጄ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች። እኛ በአማርኛ ስናወራ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ቃሉን እየፈለገች፣ እያንዳንዱን ለይታ፣ በአማርኛ ጠየቀች።

«ታዲያ እኔን ለምን ተቆጣችሁኝ?»

ሴት አያቷ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። እሳቸው መለሱላት።

«አንቺማ ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት። ትረሳዋለች ብለን ነው።»

«አልረሳሁም» አለች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ልታስታጥበኝ ወደ እኔ መጣችና እጄን እስክዘረጋ ቆማ ጠበቀች።